ኖራው ከታጠበ በኋላ

ዓይን ውስጥ ኖራ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ሲገባ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያዋን ቅጽበት ነው፤ ጩኸቱን፣ ውሃ ፍለጋውን፣ ወደ ሐኪም ቤት የተሮጠውን ሩጫ። ልክ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ይወስናሉ። ነገር ግን ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ የሚሳሳውና አንዳንዴም የሚበሳው በአብዛኛው በዚያች ቀን አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሕመሙ ጋብ ብሎ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ቤተሰቡ «እግዜር ይመስገን፣ ዓይኑ ተረፈ» ማለት በጀመረበት ሰሞን። ያኔ በዓይኑ ውስጥ ኖራ የለም። ኮርኒያውን የሚቆራርጠው ከሰውየው ከራሱ ሕዋሳት የሚወጣ ኢንዛይም ነው።

ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሰው ሕክምናውን በዐሥረኛው ቀን ያቆማል። በኬሚካል ስለተቃጠለ ዓይን ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ከሁሉ ያነሰም የሚነገረው ነገር ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ኮርኒያ ከብሌኑ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ከላይ የሚሸፍነው ኤፒቴሊየም 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ረድፍ ሕዋስ። ከውስጥ በኩል ውሃ እየቀዳ የሚያወጣ አንድ ረድፍ ሕዋስ አለ። በሁለቱ መካከል ያለውና ከውፍረቱ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚይዘው ስትሮማ ይባላል። ስትሮማ ከ200 በላይ ስስ ንጣፎች ተነባብረው የሠሩት ነው፤ በእያንዳንዱ ንጣፍ ውስጥ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ተዘርግተዋል፤ ቀጣዩ ንጣፍ ደግሞ አቅጣጫውን ይቀይራል። ድርና ማግ እንደማለት ነው፤ ብቻ እንደ ሸማ አልተጠላለፉም፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቷል። የዓይናችን ነጩ ክፍልም የተሠራው ከዚሁ ከኮላጅን ነው። አንዱ ነጭ ሌላው ጥርት ያለ የሆነው ክሮቹ በኮርኒያ ውስጥ እኩል ቀጭን ሆነው በእኩል ርቀት ስለተደረደሩ ነው። ይህ አደራደር አንዴ ከፈረሰ ሰውነት ቦታውን በሌላ ኮላጅን ሊሞላው ይችላል፤ እንደ ጥንቱ አድርጎ መደርደር ግን አይሆንለትም። ጠባሳው ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ጥርት ብሎ የሚኖረው በዚህ ነው፤ ሲጎዳ የሚቸገረውም በዚሁ ነው። ደም በማይደርስበት ቦታ በደም ውስጥ የሚዞሩት የኢንዛይም መከላከያዎችም እንደ ልብ አይደርሱም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አልካሊ፣ ማለትም እንደ ኖራና ኮስቲክ ሶዳ ያለው የአሲድ ተቃራኒ፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚሠራውን ሥራ ሳሙና ሲሠራ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ሲቀላቀሉ ሳሙና ይወጣል። የሕዋስ ግድግዳም ከስብ የተሠራ ነው፤ አልካሊው ግድግዳውን ሳሙና አድርጎት ያልፋል፤ ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ። አሲድ በአብዛኛው ፕሮቲኑን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ያረጋውና የረጋው ፕሮቲን ራሱ ለቀሪው አሲድ ግድብ ይሆናል። አልካሊ እንዲህ ያለ ግድብ አይሠራም። አሞንያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሦስትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኮርኒያን አልፎ ወደ ውስጠኛው የዓይን ፈሳሽ ይደርሳል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፣ ከ11.5 በላይ ከሆነ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የማይመለስ ነው፤ ውሃ የጠገበ ኖራ ደግሞ 12.4 ገደማ ነው። ኖራ ከኮስቲክ ሶዳ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ክፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ፍርፋሪው ተጣብቆ ይቀርና ሲሟሟ ሲሟሟ ሰዓታት ሙሉ አልካሊ ያመነጫል።

ስለ ማጠብ ባጭሩ። ደረቅ ዱቄት ፊት ላይ ካለ በፍጥነት ተራግፎ ወዲያው ንጹሕ ውሃ፣ የቧንቧም ቢሆን፣ በብዛት ይፈስስበታል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ የእናት ጡት ወተት፣ አንዱም አያስፈልግም፤ እነሱን ለመፈለግ የሚጠፋው ደቂቃ ራሱ ጉዳት ነው። ጤና ተቋም ሲደረስ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግና አንድ ሊትር የሳላይን ወይም የሪንገር ላክቴት ከረጢት ከነቱቦው ተሰቅሎ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ከረጢትም ይጨመራል። ማቆሚያው ሰዓቱ ሳይሆን ፒኤቹ ነው። የፒኤች ወረቀት በታችኛው ቆብ ውስጥ ነክቶ ከ7.0 እስከ 7.4 ካሳየ ማጠቡ ይቆማል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ወረቀቱ ተመልሶ ሰማያዊ ከሆነ የሆነ ቦታ ፍርፋሪ አለ ማለት ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ በላይኛው ቆብ ሥር፣ ከጥጉ ውስጥ ነው የሚገኘው። ቆቡን አንዴ መገልበጥ ያንን ጥግ አያሳይም፤ በመግለጫ መሣሪያ ሁለት ጊዜ መገልበጥ ያስፈልጋል። እዚያ የሚገኘው ኖራ እንደ ተጠበሰ እንቁላል ነጭ፣ ከሥጋው ጋር የተለሰነ ነገር ነው፤ በእርጥብ የጥጥ እንጨት ይጠረጋል፤ እምቢ ካለ ጥጡን ማዕድን በሚቀማው ኢዲቲኤ ውስጥ መንከር ካልሲየሙን ያላቅቀዋል። ሰው በሚገባ ታጥቦ ሳለ ዓይኑ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ይህች ጥግ ስትዘለል ነው።

ከታጠበ በኋላ የሚታየው መልክ አሳሳች መሆኑንም ልጨምር። ዓይኑ ደም መስሎ ከቀላ ቤተሰብ ይደነግጣል። ሐኪሙን የሚያስደነግጠው ግን ነጭ ሆኖ የቀረው ነው። በጥቁሩና በነጩ ድንበር ላይ፣ ሊምበስ በሚባለው ቀለበት ዙሪያ፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ተቃጥለው ከሞቱ ቦታው እንደ ሸክላ ሳህን ይነጣል። ሮፐር-ሆል በ1965 ባወጣው መመዘኛ እንዲህ የነጣው ክፍል ከቀለበቱ አንድ ሦስተኛ ካልሞላ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ከግማሽ ካለፈ በጣም የከፋ ነው። ከ2001 ወዲህ የዱአ መመዘኛ ደግሞ ቀለበቱን እንደ ሰዓት ቆጥሮ ስንት ሰዓት እንደ ተቃጠለ ያስመዘግባል። ይህ ቀለበት ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ታች ግልጽ ይሆናል፤ አዲስ ኤፒቴሊየም የሚወልዱት ግንደ ሕዋሳት የሚኖሩት እዚያ ነው።

ሰገባው ሲወልቅ

አሁን ወደ ኢንዛይሙ። ኮላጅን ሦስት ሆኖ የተገመደ ገመድ ነው፤ ግምዱ በጣም ጥብቅ ስለሆነ ተራ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም አይበጥሰውም። ለረጅም ጊዜ የሰውነት ሕዋስ ይህን ገመድ እንዴት እንደሚፈታ አይታወቅም ነበር። በ1962 ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር መልሱን ያገኙት የእንቁራሪት እጭ ላይ ነው። እጯ እንቁራሪት ስትሆን ጅራቷ ይጠፋል፤ ጅራቱ የት ይሄዳል? የጅራቱን ቁራጭ በኮላጅን ጄል ላይ ሲያስቀምጡት ከሥሩ ያለው ጄል እየሟሟ ክብ ጉድጓድ ሆነ። ኮላጅኔዝ ተገኘ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1969፣ የክሌስ ዶልማን የቦስተን ቡድንና የስቱዋርት ብራውን ቡድን እየራሳቸው ኮላጅኔዝን በቆሰለና በአልካሊ በተቃጠለ ኮርኒያ ውስጥ አሳዩ። ከዚያ በፊት ኮርኒያ የሚሟሟው በኬሚካሉ ወይም በጀርም ብቻ ይመስል ነበር።

ኢንዛይሙ ገመዱን የሚቆርጠው በዘፈቀደ አይደለም። በአንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ ገመዱ ሦስት አራተኛና አንድ አራተኛ ሆኖ ይከፈላል። የተቆረጠው ገመድ በሰውነት ሙቀት ራሱን መያዝ አይችልም፤ ግምዱ ይተረተርና ጀላቲን ይሆናል። ያኔ ሌሎቹ፣ ጀላቲኔዝ የሚባሉት፣ ተከትለው ይፈጩታል። ስለዚህ አንድ ኢንዛይም ሳይሆን ተራ ጠብቆ የሚሠራ ቡድን ነው። ቡድኑ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ ይባላል፤ በአጭሩ ኤምኤምፒ። ኤምኤምፒ-1 ከኮርኒያ ሕዋሳት፣ ኤምኤምፒ-8 ከነጭ የደም ሕዋስ የሚወጡ ገመድ ቆራጮች ናቸው፤ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 ጀላቲን ፈጪዎች ናቸው። ሁሉም በመሐላቸው አንድ የዚንክ አቶም ይዘዋል፤ ያለ ዚንክ አይቆርጡም፤ ቅርጻቸውን ለመጠበቅ ደግሞ ካልሲየም ይፈልጋሉ። የሕክምናው ግማሽ የቆመው በዚህች በዚንኳ ላይ ስለሆነ ልብ በሏት።

ጤነኛ ኮርኒያ ውስጥም ኤምኤምፒ-2 አለ። ያለው ግን እንደ ጎራዴ ከነሰገባው ነው። ኢንዛይሙ ሲመረት የራሱ ፕሮቲን ጫፍ ታጥፎ ሲስቲን በተባለች የፕሮቲን ፍሬ አማካይነት ዚንኩን ይይዘውና አፉን ይደፍናል። ጫፉ ሲቆረጥ ወይም ሲስቲኑ ሲበላሽ ሰገባው ወልቆ መቁረጥ ይጀምራል። ከተቃጠለ በኋላ ሰገባውን የሚያወልቁ ብዙ ናቸው። አንዱ በእንባ ውስጥ የሚበዛው ፕላዝሚን የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ነው፤ የሄልሲንኪ ሐኪሞች በ1987 የኮርኒያ ቁስል ባለባቸው ሰዎች እንባ ውስጥ ፕላዝሚን እንዳለ አሳይተው አፕሮቲኒን በተባለ መከላከያ ለማከም ሞክረዋል። ሌላው ኤምኤምፒ-3 ነው። ሦስተኛው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ የሚያመነጨው ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው። ጀርም ሊገድልበት የሠራው አሲድ የራሱን ኤምኤምፒ-8 ሰገባ ያወልቃል።

ኒውትሮፊሉ የሚመጣው በሁለት ማዕበል ነው። የመጀመሪያው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርስና ይቀንሳል። ሁለተኛው ከሰባተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እየበዛ በ14ኛውና በ21ኛው ቀን መካከል ጣሪያው ላይ ይወጣል፤ ኮርኒያ የሚሳሳውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለምን ይጠራል? ፊስተርና ባልደረቦቹ በ1995 አንዱን ጠሪ ለይተውታል፤ በአልካሊ ከፈራረሰ ኮላጅን የሚወጣ፣ ፕሮሊን፣ ግላይሲን፣ ፕሮሊን የተባሉ የፕሮቲን ፍሬዎች ተያይዘው የሚሠሩት ሦስት ፍሬ ብቻ ያለው ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ነጭ ሕዋሱን ይጠራል፤ የመጣው ሕዋስ ኮላጅን ይቆርጣል፤ ከተቆረጠው ኮላጅን አዲስ ቁራጭ ይወጣል፤ እሱም ሌላ ሕዋስ ይጠራል። አልካሊው ያስጀመረው ነገር አልካሊው ከሄደ በኋላ በራሱ ይዞራል።

ይህን ዙር የሚያቆሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኤፒቴሊየሙ ቁስሉን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ነው። ቁስሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ዳርና ዳር የቆሙት የኤፒቴሊየም ሕዋሳት ራሳቸው ኤምኤምፒ-9 ያመርታሉ፤ ከሥር ያሉትንም የስትሮማ ሕዋሳት «ቁረጡ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ሽፋኑ ተጋጥሞ ሲዘጋና ሲጸና መልእክቱ ይቋረጣል። ሁለተኛው የደም ሥር መድረሱ ነው። ደም ኢንዛይሙን የሚያስሩ እንደ አልፋ-2-ማክሮግሎቡሊን ያሉ ፕሮቲኖችን ይዞ ይመጣል፤ ደም ሥር የገባበት ኮርኒያ ጠባሳ ይሆናል እንጂ አይሟሟም። ለዚህ ነው መሟሟቱ ብዙ ጊዜ ከዳሩ ራቅ ብሎ፣ ወደ መሐሉ ተጠግቶ የሚታየው። ማየት የሚያስችለው ክፍልም የሚያሳዝን ሆኖ ያው መሐሉ ነው።

የኢንዛይሙን ሥራ በዓይን ማየት

ኢንዛይሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሲሠራ የሚያሳይ አንድ የላቦራቶሪ ዘዴ አለ፤ ዛይሞግራፊ ይባላል። ውበቱ ቅለቱ ነው። አክሪላማይድ ጄል ሲዘጋጅ በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊግራም ጀላቲን ይጨመርበታል። ከተቃጠለ ኮርኒያ በበረዶ ላይ የተፈጨ ናሙና ወይም እንባ ጄሉ ላይ ተጭኖ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ፕሮቲኖቹ በክብደታቸው ይለያያሉ። ከዚያ ትራይተን ኤክስ-100 በተባለ 2.5 በመቶ ለስላሳ ሳሙና ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለ30 ደቂቃ፣ ታጥቦ ናሙናው የተቀላቀለበት ኃይለኛ ሳሙና፣ ኤስዲኤስ፣ ይወጣለታል። ካልሲየም ባለበት ፒኤቹ 7.5 ገደማ በሆነ ትሪስ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት በኩማሲ ሰማያዊ ቀለም ሲነከር ጄሉ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ኢንዛይሙ ጀላቲኑን በበላበት ቦታ ብቻ ጥርት ያለ መስመር ይቀራል። ከጤነኛ ኮርኒያ የሚገኘው 72 ኪሎዳልተን ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ ሰገባው ውስጥ ያለው ኤምኤምፒ-2። ከተቃጠለው ግን 92 ላይ የኤምኤምፒ-9 መስመር ይወጣል፤ ከ72ቱም በታች ሰገባው የወለቀው አጠር ያለ ኤምኤምፒ-2 ይታያል። ሁለተኛ ጄል በተመሳሳይ ሁኔታ ኢዲቲኤ ጨምረው ቢያሳድሩት መስመሮቹ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ኢንዛይሞቹ ማዕድን ካጡ እንደማይሠሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዘዴው የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ። ናሙናውን እንደ ሌላ ፕሮቲን ማፍላት ወይም መርካፕቶኢታኖል መጨመር ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ጄሉ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ትራይተኑን ማሳጠርም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ውጤቱን ማጋነን ነው። ኤስዲኤስ ኢንዛይሙን ስለሚፈታው ሰገባው ያልወለቀውም መስመር ይሠራል፤ ቲምፕ የሚባሉት ተፈጥሯዊ መከላከያዎችም ጄሉ ውስጥ ከኢንዛይሙ ይለያያሉ። ስለዚህ ጄሉ የሚናገረው ምን ያህል ጎራዴ እንዳለ ነው፤ በሕያው ዓይን ውስጥ ምን ያህሉ እንደ ተመዘዘ አይናገርም።

መድኃኒቶቹ ምን ይነካሉ?

በ1970ዎቹ የነበረው ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር፤ ማዕድኑን የሚቀማ ጠብታ ኢንዛይሙን ያቆማል። ኢዲቲኤ፣ ሲስቲን፣ አሴቲልሲስቲን በጥንቸል ላይ ተሞከሩ፤ መሟሟቱን ቀነሱ። በሰው ላይ ግን እንደ ተስፋው አልሆኑም። ዛሬ ይህን ቦታ የያዘው ዶክሲሳይክሊን ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቴትራሳይክሊን ዘሮች ጀርም ከመግደላቸው ጋር በማይገናኝ መንገድ ኮላጅኔዝን እንደሚያግዱ ታወቀ፤ ከብረት ማዕድናት ጋር የመጣበቅ ጠባያቸው ነው የሚጠቅመው። የተለመደው መጠን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ይኸው ጠባይ ጠንቅም አለው፤ ከወተት ወይም ከአይረን ክኒን ጋር ከተዋጠ እዚያው ሆድ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ደም አይገባም። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። በብዙ ውሃ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው፤ የሚሠራው መቁረጡን በማስቆም ሳይሆን መጠገኑን በመርዳት ነው። አዲስ ኮላጅን ሲሠራ ግምዱ እንዲጠብቅ ፕሮሊንና ላይሲን ላይ ሃይድሮክሲል የሚጨምሩት ኢንዛይሞች ያለ አስኮርቤት፣ ማለትም ያለ ቫይታሚን ሲ፣ አይሠሩም። በጤነኛ ዓይን የውስጥ ፈሳሽ ውስጥ አስኮርቤቱ በደም ካለው 20 እጥፍ ያህል ነው፤ የሚቀዳው ሲሊያሪ ቦዲ የሚባለው ክፍል ነው። አልካሊው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ይህን መቅጃ ያቃጥለዋል፤ ኮርኒያው በዓይን ውስጥ ስከርቪ፣ የቫይታሚን ሲ እጦት በሽታ፣ ያዘው እንደማለት ነው። በጥንቸሎች ላይ መጠኑ በዴሲሊትር ከ15 ሚሊግራም በላይ ሲጠበቅ ኮርኒያው ከመሟሟት ተርፏል። በሰው ላይ 10 በመቶ የሶዲየም አስኮርቤት ጠብታ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ፣ ከእሱም ጋር በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም በአፍ ይሰጣል። ጠብታው ፋርማሲ ውስጥ ተቀምሞ በጥቁር ጠርሙስ፣ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ተበላሽቷል፣ ይጣል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው በአፍ የሚወሰደውን ያለ ሐኪም መውሰድ የለበትም። አንድ ነገር አበክሬ ልበል፦ ይህ ማለት ሎሚ ዓይን ውስጥ ይጨመቅ ማለት አይደለም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ 2 ገደማ የሆነ አሲድ ነው፤ የተቃጠለን ዓይን ዳግመኛ ያቃጥላል።

ሲትሬት፣ እሱም 10 በመቶ፣ ካልሲየሙን ይይዝና ኒውትሮፊሉ ከረጢቱን እንዳይዘረግፍ ያደርጋል።

ስቴሮይድ ላይ ብዙ ክርክር ነበር፤ አሁንም ያልገባው ሰው አለ። ስቴሮይድ ነጭ ሕዋሱን ስለሚያስቆም ጠቃሚ ነው፤ ጥገናውንም ስለሚያስቆም ጎጂ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ልዩነቱ ቀኑ ነው። ዶንሺክና ባልደረቦቹ በ1978 በጥንቸሎች እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው ሳምንት መሟሟትን አይጨምርም፤ ከዚያ በኋላ ቁስሉ ክፍት ሳለ መቀጠሉ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን 1 በመቶ በመጀመሪያዎቹ ከ7 እስከ 10 ቀናት በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ በደንብ ይሰጣል፤ በዐሥረኛው ቀን ኤፒቴሊየሙ ካልተዘጋ ይቀነሳል። ፈርቶ ከመጀመሪያው መንፈግ አንድ ስሕተት ነው። ሐኪም ሳያየው በዚያው ጠርሙስ ለወር መቀጠል ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው፤ ጠርሙሱ ቤት ስላለ ሰው ይቀጥላል።

ከጠርሙስ ከተነሣ፣ ሁለት ዓይነት ጠብታ ቤት መግባት የለበትም። የመጀመሪያው ማደንዘዣው ነው። ቴትራኬይን ለመታጠብና ለምርመራ ነው፤ ሕመም ማስታገሻ ተደርጎ በየሰዓቱ ከተጨመረ ኤፒቴሊየሙ መዝጋት ያቅተዋል፤ መዝጋት ካቃተው ደግሞ ከላይ የተናገርኩት ዙር አይቆምም። ሁለተኛው ስቴሮይድ ያልሆነ የሕመም ማስታገሻ ጠብታ ነው፤ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለው። በ1999 አሜሪካ ውስጥ አንድ የዳይክሎፌናክ ጠብታ ኮርኒያ እንዳሟሟ ሪፖርቶች ስለበዙ ከገበያ ወጥቷል። ለሕመሙ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታና በአፍ የሚወሰድ ማስታገሻ ይበቃል። ብሌን ለማስፋት ፊኒልኤፍሪን አይመረጥም፤ ደም ሥር ስለሚያጠብ ደም ያነሰውን ሊምበስ ይብሱን ያስርበዋል።

ከሰባተኛው እስከ 21ኛው ቀን ድረስ ዓይኑ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መታየት አለበት። ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ተደርጎ ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ክፍት ቦታው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በሚሊሜትር ቁመትና ወርዱ ይጻፋል። ትናንት 5 በ4 የነበረ ዛሬ 4 በ3 ከሆነ ደኅና ነው። ሦስት አራት ቀን ከቆመ አይጠበቅም። የብርሃኑ ስንጥቅ ኮርኒያው ላይ ሲያርፍ ድርብ መስመር ይሠራል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ቦታ ላይ ከጠበበ ስትሮማው እየሳሳ ነው። ቤት ያለ ሰው ደግሞ ድንገት ሙቅ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ጉንጩ ላይ ከወረደ፣ ብሌኑ እንደ እንባ ጠብታ ከተጎተተ፣ ወይም ጋብ ያለው ሕመም ከተመለሰ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ዓይኑን ሳይጫኑት በጠንካራ ክዳን ተሸፍኖ።

ኤፒቴሊየሙ እምቢ ሲል የሽል ከረጢት ሽፋን ይሰፋበታል፤ ኪምና ሴንግ በ1995 በጥንቸል ካሳዩት በኋላ የተስፋፋ ነው። ሽፋኑ እንደ ፋሻ ይከልላል፤ ኢንዛይም የሚያግዱ ፕሮቲኖችም ይዟል። የቆቦቹን ዳር በከፊል ሰፍቶ ማጥበብም ቀላልና ዋጋው ያነሰ መፍትሔ ነው፤ በበኩሌ ቶሎ መሠራት ሲገባው የሚዘገይ ይመስለኛል። ስትሮማው ሳስቶ የመጨረሻው ሽፋን ብቻ ሲቀር የሕክምና ሳይኖአክሪሌት ሙጫ ጉድጓዱን ይደፍናል። ሙጫው ቀዳዳ ከመድፈን ሌላ ነጭ ሕዋሱን ከቦታው ያግዳል፤ መሟሟቱ ሙጫው ባለበት ቦታ ሲቆም ይታያል።

በኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የዓይን ባንክ አለ፤ ብዙ ሰውም ዓይኑ ሲቃጠል ወዲያው «ኮርኒያ ይቀየርልኝ» ይላል። ሊምበሱ ከሞተ ግን የተተከለው ኮርኒያ ብቻውን አይቆይም፤ የሚያለብሰው ኤፒቴሊየም ከየት ይመጣል? ከዳር ያለው ሽፋን ደም ሥሩን ይዞ ይወጣበትና እሱም ይነጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለበቱ ነው የሚተከለው፤ ዓይኑ ቢያንስ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመት ያህል፣ ጸጥ ካለ በኋላ። ኬንዮንና ሴንግ በ1989 ከጤነኛው ዓይን ሰፊ ቁራጭ ወስደው ተከሉ። በ1997 ፔሌግሪኒና ባልደረቦቹ ኢጣሊያ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ በላቦራቶሪ አሳድገው ተከሉ፤ ውድ ሥራ ነው። በ2012 የሃይደራባዱ ሳንግዋንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ግን ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከጤነኛው ዓይን ሊምበስ 2 በ2 ሚሊሜትር ይወሰዳል፤ ከስምንት እስከ ዐሥር ቁራጭ ይከተፋል፤ በተቃጠለው ኮርኒያ ላይ በተነጠፈ የሽል ከረጢት ሽፋን ላይ፣ መሐሉን ትቶ፣ ዙሪያውን ይበተንና በፋይብሪን ሙጫ ይጣበቃል፤ በላዩ ለስላሳ ሌንስ ይደረጋል። ሕዋሳቱ ከየቁራጩ ዙሪያ እንደ ዘር እየበቀሉ ይገናኛሉ። ሁለቱም ዓይን የተቃጠለበት ሰው ቁራጩን ከዘመድ ወይም ከሟች መቀበል ይኖርበታል፤ ያኔ የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ይዋጣል።